በማስመሪያ የተቆረጠ ፀጉር

ርካሽ ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው መውጫውን ነው። ሻጩ ፈገግ ካለልኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ፤ «ለአንቺ ስል ነው» ካለኝ ደግሞ ዕቃውን ትቼ እሄዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። እንዲህ ያለች ጠርጣራ ሴት በገዛ እግሯ ሄዳ፣ በገዛ አፏ አዝዛ፣ ራሷን አስላጭታ ወጣች ስላችሁ ታሪኩን እንዳትጠረጥሩት ብዬ ነው። ሰው ስጠረጥር እንጂ ሰው ሲጠረጥረኝ ደስ አይለኝም።

የምኖረው ሰቆጣ ነው። የምሠራው አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን ሥራዬም መጽሐፍ ማዋስ፣ መጽሐፍ መቀበል፣ የተመለሰው መጽሐፍ ስንት ገጽ ጎድሎት እንደመጣ ማየት ነው። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኝ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ ወደ ጎን ነበር የምቀመጠው፤ አጠገቤ ያሉት ልጆች መምህር መስዬአቸው ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን ያስፈቅዱኝ ነበር። ያኔ የገዛኋት የእንጨት ማስመሪያ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለች። ሌላው ሰው ቀጥ ያለ መስመር በልጅነቱ ተምሮ በልጅነቱ ረስቶታል። እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩት ገና አልረሳሁትም፤ ጠማማ ነገር ሳይ እጄ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል። መደርደሪያው ላይ የመጻሕፍቱ ጀርባ እኩል ካልሆነ ምሳ አይበላልኝም።

ፀጉሬን ማሳጠር የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሹሩባ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ደግሞ የቤት ሥራዬ ቀን ነበር። ስለዚህ ከጆሮዬ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አስቆረጥኩት፤ በዚያው ቀረ። የሴቶች ፀጉር ቤት ስገባ ሴቶቹ ግድግዳው ቆሞ ጣራው እንዳልተመታ ቤት ያዩኛል። «ምነው፣ ሰው ሠራሽ እንቀጥልልሽ?» ይላሉ። ስለዚህ የምሄደው የወንዶች ፀጉር ቤት፣ ጋሼ ምስጋናው ዘንድ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ።

የጋሼ ምስጋናው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ሲወረድ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ወንበር አለቻት፤ የወንበሯ አንድ እግር ስላጠረ ሥሩ የተጣጠፈ ቆርቆሮ ተደርጎበታል። መስታወቱ መሀሉን ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ስትቀመጡበት አፍንጫችሁ ሁለት ይሆናል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ሰውዬው ይጠይቃል። መቀሱን ከማንሳቱ በፊት መዳፉን አናቴ ላይ ያሳርፍና፣

«ሁሉም ደህና?» ይላል።

«ይመስገን።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት።»

«ወንድምሽስ? ሲሳይ?»

«ደህና ነው።»

ቶሎ ቶሎ ከመለስኩለት እንደገና ይጀምራል። እጁን አያነሳም። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ነኝ፤ ስለ ቤተሰቤ ለመጻሕፍቱም አልናገርም። እና ጠረጠርኩ። ይህ ሰው በቀን ስንቱን ሰው «ሁሉም ደህና?» ይላል? የሰበሰበውን «ደህና» ሁሉ የት ያደርሰዋል? አንድ ሰሞን ለቀበሌ የሚያቀብል መሰለኝ። ሌላ ሰሞን ለእህቱ ልጅ ሚስት እያፈላለገ ነው አልኩ፤ ያን ሰሞን መልሴን ይበልጥ አሳጠርኩ። ኋላ የእህቱ ልጅ የስድስት ልጆች አባት መሆኑን ሰምቼ አፈርኩ፤ መጠርጠሬን ግን አልተውኩም።

ሁለተኛው፣ ሰውዬው «አይሆንም» ይላል። ቆርጦ ሲጨርስ ትንሿን መስታወት አንስቼ ግራና ቀኜን አያለሁ።

«ጋሼ፣ ግራው ትንሽ ይረዝማል።»

«አይረዝምም።»

«ይዩት እንጂ።»

«አይቼዋለሁ። ጭንቅላትሽ ነው ወደ ግራ የሚያጋድለው። እሱን እኔ አልቆርጠውም።» ይልና ጨርቁን ከአንገቴ ላይ መንጭቆ ያራግፋል። በቃ። ይግባኝ የለም።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው እንግዲህ መናኸሪያው አጠገብ አዲሱ ፀጉር ቤት የተከፈተው። በበሩ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሯሯጣል። ከላይ ከስሙ ቀጥሎ «ቅርንጫፍ አምስት» ይላል። ዋጋው የጋሼ ምስጋናው ግማሽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ እጥበት በነፃ። በነፃ! ሦስት ቀን በበሩ አለፍኩ እንጂ አልገባሁም። አንደኛ፣ የቀሩት አራቱ ቅርንጫፎች የት ናቸው? አንድ ቀን በሩ ላይ የቆመውን ሰው ጠየቅኩት፤ «ሌላ ከተማ» አለኝ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልነገረኝም። ሁለተኛ፣ በግማሽ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የቀረውን ግማሽ ከየት ያመጣል? ፀጉሩን ጠርገው ለሆነ ነገር ይሸጡታል ብዬ አሰብኩ። ለምን እንደሚሆን ግን አላወቅሁም፤ የማይታወቅ መሆኑ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

በአራተኛው ቀን በመስኮቱ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር አየሁ። ቆራጩ ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይወጣል። አንድም ሰው «ሁሉም ደህና?» አልተባለም። እናት የለ፣ ወንድም የለ። ልቤ ቀለጠ። እንደ ቤተ መጻሕፍት ዝም ያለ ፀጉር ቤት!

ገባሁ።

ወጣቱ ናቲ ይባላል፤ ከሰቆጣ ሰው አይደለም፣ አነጋገሩም ያስታውቃል። ከመስታወቱ በላይ በትልቁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለብ ባለ ውኃ አጠበኝ፤ ፎጣው ሽቶ ሽቶ ይላል። ፎጣ ሽቶ የሚሸተው ሌላ ሽታ ለመደበቅ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ምን እናድርግልሽ እህት?»

«ከጆሮዬ ሥር እስከዚህ። ግራና ቀኙ እኩል።»

«ይቻላል።»

ቆረጠ። መስታወት ሰጠኝ። አየሁ። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼ ምስጋናው ፊት ያልደፈርኩትን አደረግሁ፤ ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ግራው በሁለት ሚሊ ይረዝማል።

ናቲ ማስመሪያዋን አየ፤ እኔን አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «ይቻላል» አለ።

ግራውን ቀነሰ። ለካሁ። አሁን ቀኙ በሦስት ሚሊ በለጠ። «ይቻላል።» ቀኙን ቀነሰ። ግራው በለጠ። እስካሁን ሳስበው አንድ ጊዜ እንኳ «አይቻልም» ቢለኝ ኖሮ እድን ነበር። ለሁሉ ነገር «ይቻላል» የሚል ሰው ሳይ መሮጥ የነበረብኝ እኔ፣ የዚያን ቀን «ይቻላል» ሲለኝ እንደ ንጉሥ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ጥማት ነው፤ ፍረዱልኝ።

ጆሮዎቼ ሙሉ በሙሉ ብቅ ሲሉ ናቲ ላቡን ጠረገ።

«እህት፣ በመቀስ ከሆነ እኔና አንቺ እዚሁ ማርጀታችን ነው። በቶንዶስ ካልን ግን በአንዴ እኩል ይሆናል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማሽን አይዋሽም።»

ማሽን አይዋሽም። ይህን ቃል ወደድኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቶንዶሱ እንደ ንብ እያጉረመረመ በአናቴ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ። ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ የቀረበት ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው።

ግን ልዋሽ አልችልም፤ ማስመሪያዬን አስጠግቼ ለካሁት። በግራም፣ በቀኝም፣ በኋላም አንድ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እኩል ሆኜ አላውቅም።

ቦርሳዬ ውስጥ የተዋስኳቸውን መጻሕፍት ከአቧራ የምሸፍንበት ጥቁር ሻሽ ነበር። ሌላ ሻሽ ስላልነበረኝ እሱን አሰርኩ። የተቆረጠው ፀጉር ዓይኔ ገብቶ ቀልቷል፤ እንባዬ ይወርዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ራሷን የተላጨች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የቀላ ሴት በሰቆጣ መንገድ ላይ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ለምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ሳስብ የነበረው ግን ስለ እኩልነቱ ነበር።

የመጀመሪያዋ እትዬ ብርነሽ ናት፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ውኃ የሞላ ጀሪካን አዝላ ወደ ላይ ስትወጣ ተገናኘን። አየችኝ። ሻሹ ሥር ያለውን አየች። ጀሪካኑን ከነገመዱ ለቀቀችው።

«ወይኔ ልጄ! ማን ነው?»

«ማንም አይደለም እትዬ ብርነሽ። ምንም የለም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ ልጄ። ምንም የለም። እሺ።» እና ማልቀስ ጀመረች።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ የሞት ዜና እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። የሚሰማው ሰው እንዳይወድቅ፣ ራሱን እንዳይጎዳ፣ የሚደግፈው ሰው ይዘጋጅለትና ሽማግሌዎች በማለዳ ቤቱ ሄደው መርዶውን ይነግሩታል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ «ምንም የለም» ይላል። ስለዚህ በእኛ አገር ከ«ምንም የለም» የባሰ ክፉ ወሬ የለም። እኔ «ማንም አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ሰው የሚሰማው፣ «ሞቷል፤ እናቴ ገና አልተረዳችም፣ ዝም በሉልኝ» እያልኩ እንደሆነ ነው። ደግሞ ያሳለፍነውን ታውቃላችሁ። በጦርነቱ ስልክ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት የሰውን ዜና የምናነበው ከሴቶች ራስ ላይ ነበር። የተላጨች ሴት አይቶ «ምናልባት ለሙቀቱ ይሆናል» የሚል ሰው እዚህ አይገኝም።

ቤቴ ገብቼ ሳልቀመጥ ሰው መጣ። በጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ መጣ። ቀጥሎ ሌላ ንፍሮ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ግድግዳውን ታከው ተቀመጡ። ማንም ድምፁን አያሰማም፤ መርዶው ገና ነዋ! ዝም ብለው ያዩኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ዝምታ የምወድ ሴት በዝምታ ልታፈን ደረሰች።

ከዚያ የእድራችን ዳኛ አያ ሞላ ገቡ። ቁመተ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አጎንብሰው ጆሮዬ ሥር፣

«ልጄ፣ ድንኳኑ እዚህ ይሁን ወይስ እናትሽ ዘንድ ጽጽቃ?»

«የምን ድንኳን? አያ ሞላ፣ እኔ እኮ ፀጉር ቤት ሄጄ ነው!»

«እሱማ ነው። ሌላ የት ይላጫል።»

«እኩል አልሆን ብሎኝ ነው! በዚህ እየለካሁ፤» ማስመሪያዬን አወጣሁ። «ግራው በሁለት ሚሊ በለጠ፣ ከዚያ ቀኙ በሦስት ሚሊ በለጠ፣ ከዚያ ደግሞ…»

አያ ሞላ ማስመሪያዋን በቀስታ ከእጄ ወስደው ለእትዬ ብርነሽ ሰጧት። እትዬ ብርነሽ በነጠላዋ ሥር ደበቀቻት፤ ራሴን የምጎዳባት መስሏት። ከማዶ አንዷ፣ «ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል፤ ፀበል ይሻላታል» ስትል ሰማሁ።

እስከዚህ ድረስ ያበደው ሰፈሩ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የራሴ ጥርጣሬ ከተኛበት ነቃ። እትዬ ብርነሽ ገና ሳታየኝ ነው እንዴ ማልቀስ የጀመረችው? ንፍሮውስ እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረሰ? ንፍሮ እኮ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል። አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው! እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ፤ መርዶው ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ነው!

ማን? ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ሦስት ወር ሆኖታል። ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ያቺ የስልኳ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» ስትለኝ አለቀስኩ።

እኔ ሳለቅስ ቤቱ በሙሉ ተነሳ። «ተነፈሰችው! ተነፈሰችው! አልቅሺ ልጄ!» ተባለ። የታፈነው ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እኔ እነሱ የሚያውቁትን ነገር አለቅሳለሁ፤ እነሱ እኔ የማውቀውን ነገር ያለቅሳሉ። ማንኛችንም ግን ምንም አናውቅም።

በዚህ መሀል ነው አንድ ቃል ጆሮዬ የገባው። በሩ አጠገብ አንድ ሰው አያ ሞላን፣ «ለእናቲቱስ?» አላቸው። አያ ሞላም፣ «ነገ በመጀመሪያው መኪና» አሉ።

ለቅሶዬ ደረቀ። እናቴ! የአባቴን መርዶ የነገሯት ቀን ወድቃ፣ ዓመት ሙሉ በወጉ አልቆመችም። ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር አታሰሟት» ብሎ ካዘዘላት ስንት ዘመኑ ነው። አሁን የማንንም ስም መጥራት አያስፈልጋቸውም፤ ሁለት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው በማለዳ በሯ ላይ ቢቆሙ ብቻ በቂ ነው። ስልክ የላትም፤ የጎረቤቷ ስልክ አይነሳም። የዚያን ቀን መኪና ደግሞ ወጥቶ አልቋል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ቀድሜ ልደርስ፣ ቀድሜ ልናገር። ሚኒባሱ ውስጥ ዘው ብዬ ስገባ አያ ሞላ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

«አያ ሞላ! የት ሊሄዱ ነው?»

«ዘመድ ልንጠይቅ ነው ልጄ» አሉ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«እናቴ ዘንድ አይደለም?»

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

አያችሁ? አሁን «ምንም የለም» የምባለው እኔ ሆንኩ! መንገዱን ሁሉ ለመንኳቸው፤ ተቆጣኋቸው፤ ስለ ናቲ፣ ስለ ቶንዶሱ፣ ስለ ሚሊው አስረዳኋቸው። እጄን እያሻሹ «አይዞሽ» ይሉኛል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዘፈኑን ዘጋው። ከኋላ ያለችው ሴትዮ ሳትጠየቅ ከንፈሯን መጠጠች። የማላውቃቸው ተሳፋሪዎች ሁሉ ሐዘንተኛ ሆኑልኝ፤ ጽጽቃ የደረስነው እንደ ቀባሪ ነው።

ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ። አያ ሞላ ከኋላዬ ረዣዥም እግራቸውን ያነሳሉ። የእናቴ ግቢ ሲታየኝ ግን ቆምኩ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ዱላ። የትናንት ገበያተኛ ከእኔ ቀድሞ ወሬውን አድርሶታል። አለቀ።

ሰዎቹ መንገድ ከፈቱልኝ። እናቴ ደጁ ላይ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ልጥጥ ያለ ፍየል ማሽላው ጆንያ ውስጥ አፏን ስትከት፣ እናቴ ድንጋይ አንስታ ወረወረችና በኽምጣኛ ሰደበቻት።

እናቴ አማርኛ የምትናገረው ለእንግዳ፣ ለቢሮ ሰውና ለሐዘን ነው። ኽምጣኛ ለቤት ነው፤ ለቁጣ ደግሞ በተለይ። ፍየሏ በኽምጣኛ ስትሰደብ ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አለችኝ። «ሻሹን አውልቂው።»

አወለቅኩ። ከኋላዬ የሕዝቡ ድምፅ «እህህ» አለ። እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ግራ አዞረችኝ፣ ወደ ቀኝ አዞረችኝ፣ አናቴን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እኩል ነው» አልኳት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።

«አያለሁ። ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«መናኸሪያው ጋ ያለው፣ አዲሱ።»

«ለምን እዚያ ሄድሽ?»

«ርካሽ ነው። ደግሞ አይጠይቅም።»

እናቴ ወደተሰበሰበው ሰው ዞረች። በአማርኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይኸው! አላልኳችሁም? የሞተ የለም። ልጄ ርካሽ ቤት ገብታ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታውን ገበያተኞቹ «ልጅሽ ተላጭታ አየናት» ሲሏት እናቴ አልወደቀችም። ተነስታ ቄሱ ቤት ሄደች፤ የቄሱን ስልክ ተውሳ ጋሼ ምስጋናው ዘንድ አስደወለች። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን የላጫት እሱ ነው፤ ቁጥሩን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«ልጄን ለማን ነው የላጨኻት?» አለችው። እናቴ እሷን የሚያክል ሰው አታንቱም።

«እኔ አልላጨኋትም» አላት ጋሼ ምስጋናው። «የሞተ ቢኖርማ እኔ ጋ ነበር የምትመጣው። እኔ ሳልጠይቅ መቀስ አላነሳም፤ ሴት ስትመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም ደህና መሆኑን ሳላውቅ ከጆሮ በላይ አልወጣም። እሷ ከመጣች ሁለት ወር ሆናት።» ቀጥሎም፣ «ሲሳይ እንደሆነ ደህና ነው» አላት። «ባለፈው ሳምንት ከመተማ የመጣ ሰው ስቆርጥ ጠይቄው ነግሮኛል። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ነው። ይህንኑ ለእህቱ ልነግራት እጠብቃለሁ፤ ቀረችብኝ።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ አያ ሞላ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ ከሐዘን ሥራ ወጡ ማለት ነው።

«እንግዲህ መጥተናል» አሉ እናቴን፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «መርዶ የለም ብለን እንዲያው ባዶ ሆዳችንን አንመለስም።»

«ግቡ» አለች እናቴ። «እናንተ ግቡ። ልጄን የቆረጣት እሱ ቢመጣ ግን ውኃም አልሰጠው።»

ተበላ። ያቺ ሌባ ፍየል ለጥቂት ተረፈች። አዛውንቶቹ በየተራ አናቴን እየዳሰሱ ስለ እኩልነቱ መሰከሩ፤ አንዱ የፀጉር ቤቱን ስም ጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው አልሽ?» ሲሉ ሚስታቸው ቆነጠጧቸው። ሰቆጣ ስመለስ እትዬ ብርነሽ ማስመሪያዬን መለሰችልኝ። ንፍሮው እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደደረሰ ብጠይቃት ለልጆቿ መክሰስ ቀቅላው የነበረ ነው አለችኝ። ልጆቿ ንፍሮ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ይህን እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ፀጉሬ ጆሮዬ ላይ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። አንድ ጠዋት ወደ ታች ወረድኩ። ጋሼ ምስጋናው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ስለ ራሴ ምንም አላለኝም፤ ወንበሯን በጨርቅ ጠረጋትና «ተቀመጪ» አለኝ። ቆርቆሮዋ ከእግሯ ሥር ሸርተት ብላ ነበር፤ በጫማው መለሳት። ተቀመጥኩ። አፍንጫዬ ሁለት ሆነ። መዳፉን አናቴ ላይ አሳረፈ።

«ሁሉም ደህና?»

«እናቴ ደህና ናት» አልኩ። «ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ቁልቁለት ስትወርድ ነው እንጂ ዳገት ላይ ደህና ናት። ሲሳይ ከመተማ ተመልሷል፤ ስልክ ቀይሯል፣ አዲሱ ቁጥሩ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ይፈልጉታል? አክስቴ ዳስ ልትጥል ነው፣ ልጇን ልትድር። አጎቴ አምደወርቅ ነው ያለው፤ ከእሱ ጋር ተኳርፈናል፣ ግን ደህና ነው። ፍየሏ ወልዳለች።»

ስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን በአንድ ትንፋሽ ነው ያወረድኩት። ጋሼ ምስጋናው ጨርሼ እስክዘጋ ድረስ እጁን አላነሳም።

«ስንት ወለደች?» አለኝ።

«ሁለት።»

«እሰይ።» መቀሱን አነሳ። «ማስመሪያሽስ?»

«ቤት ነው» አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ ግን ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ለሰው አልናገርም።

ቆርጦ ጨረሰ። ትንሿን መስታወት ሲሰጠኝ ተቀብዬ አየሁ፤ ዝም ብዬ መለስኩለት። ደንገጥ ብሎ አየኝ።

«አይረዝምም?» አለኝ።

«አይረዝምም።»

ይህን ያልኩት እያየሁ ነው። ግራው ይረዝም ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ መስታወቴ ፊት ቆሜ ማስመሪያዬን አወጣሁና ለካሁ። ሁለት ሚሊ። እንደ ድሮው ሁለት ሚሊ። ከዚያ ማንም እንደማያየኝ መስኮቱን አረጋግጬ ጭንቅላቴን ትንሽ ወደ ቀኝ አቀናሁት።

እኩል ሆነ።

እስካሁን ግን መስታወቱን እጠረጥራለሁ።